በድርጅት ሶፍትዌር የሚፈጠር የቅንብር መረጃ ስህተት

የቅንብር መረጃ ስህተት ማለት የሂሳብ፣ የንብረት ወይም የደመወዝ ሶፍትዌር ፕሮግራሙ ጤናማ ሆኖ ሳለ የሚመራባቸው መጣኔዎች፣ ቀኖች ወይም የሂሳብ መደቦች በስህተት ሲመዘገቡ የሚፈጠር ችግር ነው። እንደ ኤስኤፒ፣ ኦራክልና ኦዱ ባሉ ሲስተሞች እነዚህ መረጃዎች ከኮዱ ተለይተው በሠንጠረዥ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሕግ ሲለወጥ የሚስተካከለው ሠንጠረዡ ነው። ሲስተሙ የተሰጠውን ቁጥር አምኖ ስለሚያሰላ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ያልፋል።

ምሳሌ፦ የ2017 ዓ.ም. የግብር ለውጥ

የፌዴራል ገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። አዲሱ ሠንጠረዥ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፦

* እስከ 2,000 ብር፦ ነፃ
* እስከ 4,000 ብር፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300
* እስከ 7,000 ብር፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500
* እስከ 10,000 ብር፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850
* እስከ 14,000 ብር፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350
* ከ14,000 ብር በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050

ግብሩ የሚገኘው ደመወዙ በመጣኔው ተባዝቶ ተቀናሹ ሲነሳለት ነው። በአዳማ ፋብሪካ፣ በሞጆ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ወይም በባቱ የአበባ እርሻ 10,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ 1,650 ብር መሆን አለበት።

ስህተቱን ከውጤቱ መለየት

ፔሮሉ 2,045 ብር ካወጣ የሚሠራው የቀድሞው ሠንጠረዥ ነው፤ ሠራተኛው በየወሩ 395 ብር ያለአግባብ ይቆረጥበታል። 1,935 ብር ካወጣ መጣኔው ተለውጦ የቀድሞው ተቀናሽ 565 ሳይለወጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ሌላው መፈተሻ የእርከኖቹ ወሰን ነው። በ7,000 ብር ላይ የ20 እና የ25 በመቶው ስሌት ሁለቱም 900 ብር መስጠት አለባቸው። ካልተገናኙ ከሁለቱ መስመሮች ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል።

የተለመዱ መነሻዎች

* ቀን፦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ በሚሠራ ሲስተም 1/11/2017 ተብሎ የገባ ቀን ኖቬምበር 1 ቀን 2017፣ ማለትም ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ትክክለኛው ጁላይ 8 ቀን 2025 ነው።
* የቅርንጫፍ ቅጂ፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት ለአዳማና ለሻሸመኔ ቅርንጫፎቹ የተለያየ ሠንጠረዥ ከያዘ አንዱ ሳይታደስ ሊቀር ይችላል።
* ያለአግባብ የተነካ መስመር፦ የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ አዋጁም አልለወጠውም። ከግብሩ ጋር አብሮ ከተቀየረ ስህተት ነው።

አስተካከል

በቅድሚያ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በእጅ ተሰልቶ ከሲስተሙ ውጤት ጋር ይነጻጸራል። ቀጥሎ ሠንጠረዡን ማን፣ መቼ እንደለወጠው ከለውጥ መዝገቡ ይታያል። እርማቱ መጠባበቂያ ቅጂ ተይዞ መጀመሪያ በሙከራ ሲስተም ላይ ይፈተናል። የቀድሞው መስመር አይሰረዝም፤ ማብቂያ ቀን ተሰጥቶት አዲሱ ከሥሩ ይጨመራል፤ ካልሆነ ያለፉት ወራት ስሌት ይዛባል። በመጨረሻም ስህተቱ የነካቸው ወራት እንደገና ተሰልተው ለሠራተኛው የሚመለሰው ገንዘብና ለግብር ባለሥልጣኑ የቀረበው መግለጫ ይታረማሉ። ሠንጠረዡን ብቻ ማረም ቀደም ሲል የተቆረጠውን ገንዘብ አይመልስም።