ያላዘገመው «አዝጋሚ ለውጥ»

ኢቮሉሽንን «አዝጋሚ ለውጥ» ማለት ለምደናል። ስሙ ያሳስታል፤ ሲነሣ ትዝ የሚለን ሉሲና የሐዳር አፈር ብቻ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን አላዘገመም።

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና ሆነ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከተማዋን ወባ ወርሯት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም አልቀረላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 205 ሕመምተኛ ነበር፤ በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ብቻ ከ2,400 በለጠ። ወባ የረግረግ በሽታ ነው ስንል አልነበር?

ይቺኛዋ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ ከእስያ የመጣች ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ረግረግ ምን ይሠራላታል? በርሜልና ሮቶ ይበቃታል።

ተሸክማው የምትዞረው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ይብሳል። ብዙው ፈጣን መመርመሪያ የወባን መኖር የሚያውቀው ኤችአርፒ 2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የጎደለው ተሕዋስ ለመመርመሪያው አይታይም። ሕመምተኛው «ወባ የለብህም» ተብሎ ሳይታከም ይሄዳል፤ ትንኟም ከደሙ ቀድታ ለሌላው ታደርሳለች። እንግዲህ ዳርዊን «ምርጫ» ያለው ይኸው ነው፤ መራጩ የኛው መመርመሪያ መሆኑ ነው ጉዱ!

እነዚያን ናሙናዎች የመረመሩ ሰዎች ሌላም አግኝተዋል፦ ኬልች 13 በተባለው ፕሮቲን 622ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን ወጥቶ አይሶሉሲን ገብቷል። በአንዲት አሚኖ አሲድ ለውጥ ተሕዋሱ አርቴሚሲኒንን በከፊል ይቋቋማል።

ፓርኩ ሠራተኛ በጨመረ ቁጥር ኪራይ ቤቱ ይበዛል፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ በየደጃፉ በርሜል ይደረደራል። ክዳኑን የሚያስታውስ ስንቱ ነው?