ስለ ባሕር ዐውሎ ነፋስ

የባሕር ዐውሎ ነፋስ ኀይሉን የሚያገኘው ከሞቀ ውሃ ነው፤ ወደ የብስ ሲገባም እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ከባሕር ርቃ በስምጥ ሸለቆ ላለችው ለአርሲ ነገሌ አይደርስባትም። ነገር ግን በግንቦት 2010 ዓመተ ምሕረት ሳጋር የተባለው ዐውሎ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ የሶማሌላንድን ጠረፍ በመታ ጊዜ፥ ዝናሙ እስከ ሶማሌ ክልላችን ደርሶ ጎርፍ አመጣ።

በታሪክ ከታወቁት ሁሉ ብዙ ሰው የጨረሰው ግን ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓመተ ምሕረት ሌሊት በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሆነው ነው። ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን፥ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር ማዕበሉ ደሴቶቹንና ቆላውን ጠረፍ አጥለቅልቆ ከ300,000 በላይ የሚገመት ሕዝብ አጠፋ። የዐውሎው መምጣት አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ለሕዝቡ በሚገባ አልደረሰም፥ በቂ መሸሻም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አገሪቱ ከፍ ያሉ መጠለያዎችን ሠራች፤ በየመንደሩም በድምፅ ማጉያ የሚያስጠነቅቁ በጎ ፈቃደኞችን አበዛች። በኅዳር 2000 ዓመተ ምሕረት ሲድር የተባለው ብርቱ ዐውሎ በመጣ ጊዜ የሞተው ሰው 3,400 ያህል ሆነ።

ነፋስን ማገድ የሰው ሥልጣን አይደለም፤ ወንድምን ማስጠንቀቅ ግን ተሰጥቶናል። ኖኅም የዳነው የእግዚአብሔርን ቃል ሰምቶ መርከብ በመሥራቱ ነው። እንግዲህ ጎርፍ በሚያሰጋው አገራችን የቤተ ክርስቲያን ደወል ለጸሎት እንደሚደወል ሁሉ፥ ሕዝቡን ከጥፋት ለማንቃትም ይደወል።