የመቅደላ መንገድ
ተራራና ጽናት በታሪክና በሥነ ጽሑፍ

ሰው ከጨካኝ ተፈጥሮ ጋር ያደረገው ግብግብ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ ከያዙት ርእሰ ጉዳዮች አንዱ ነው። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ፣ ሐኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዝሆኖቹን እየነዳ የአልፕስን ተራሮች እንዴት እንደ ተሻገረ ሲተርክ፣ ለገደሉና ለበረዶው የሰጠው ቦታ ለጦርነቱ ከሰጠው እምብዛም አያንስም። እንግሊዛዊው ዳንኤል ዴፎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1719 ባሳተመው ልብ ወለድ ሮቢንሰን ክሩሶን ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ጥሎ፣ ብቻውን የቆመ ሰው በእጁና በአእምሮው ምን ሊሠራ እንደሚችል አሳየን። አሜሪካዊው ሄሚንግዌይም በ1952 በወጣው «ሽማግሌውና ባሕሩ» አንድን ድኻ ዓሣ አጥማጅ ከሰፊው ባሕር ጋር አታገለ። እነዚህን ድርሰቶች በየትምህርት ቤቱ ያነበብን ኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ነገር ቢኖር፣ የዚሁ ዓይነት ግብግብ በገዛ አገራችን፣ በወሎ ደጋ ላይ መካሄዱን ነው።

መቅደላ ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የተሰማው የሽጉጥ ድምፅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መምረጣቸው በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ጽናት በአንዲት ቅጽበት ብቻ አይመዘንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚያች ቀን በፊት የነበሩትን ስድስት ወራት ማስታወስ፣ በእነዚያ ወራት የተሠራውን መንገድ በመሐንዲስ ዐይን መመልከትና ሥራው ያስከፈለውን ዋጋ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ ስለ ምድሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከደሴ በስተምዕራብ የሚገኘው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከተንታ እስከ አጅባር፣ ከዚያም አልፎ እስከ መካነ ሰላም ድረስ፣ ከሩቅ ለሚመለከተው ሜዳ መስሎ ይታያል። ሲቀርቡት ግን ሜዳው በድንገት ይቋረጥና ከእግር ሥር ገደል ይከፈታል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ አገር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ተደራርቦ የተሠራ ነው። የበሽሎና የጅጣ ወንዞች ወደ ዐባይ በሚያደርጉት ጉዞ ይህን የባዛልት ድርብርብ ሰንጥቀው ከ1,000 ሜትር በላይ ጠልቀው ወርደዋል። ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ ሲቀር፣ ለስላሳው ተሸርሽሮ እርከን ይሆናል። ከሁሉም ወገን ተቆርጦ ለብቻው የቀረው ደግሞ አምባ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኘው መቅደላ ከእነዚህ አምባዎች አንዱ ነው። አምባን ምሽግ የሚያደርገው ይህ አቀማመጡ፣ ወደ አምባው መንገድ ለማውጣት ለሚነሣ ሰው የመከራው ምንጭ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ የተነሡት በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ነበር። ይዘዋቸው ከተጓዙት መካከል በጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች የተሠሩት መድፎች ይገኛሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን እንደሚደርስ ይነገርለታል። ጉዞው በጋይንት በኩል ወደ ወድላ፣ ከወድላ ወደ ጅጣ ሸለቆ፣ ከጅጣ ወደ ደላንታ፣ ከደላንታ ወደ በሽሎ፣ ከዚያም በአሮጌ አቀበት ወደ አምባው ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ነው። ንጉሡ ከመቅደላ ግርጌ የደረሱት በመጋቢት ስለሆነ፣ በአማካይ በቀን የተጓዙት ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

ጉዞው ለምን እንዲህ እንደ ዘገየ ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ሰባት ቶን የሚመዝን ሸክም በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚወጣ አቀበት ላይ ሲጎተት፣ ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል ብቻ ወደ 1,400 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ባልተደለደለ አፈር ላይ መንኰራኩሩ የሚገጥመው ሰበቃ የክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ነው ብንል 700 ኪሎ ግራም ይጨመራል። አንድ ሰው ገመድ ይዞ ሳያቋርጥ ሊስብ የሚችለው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም ነው ቢባል፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ቢስቡ እንኳ ከ140 እስከ 210 ሰው ያስፈልጋል። በተግባር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይስብም፤ ጠመዝማዛው ላይ ገመዱ ይላላል፣ ተተኪ ያስፈልጋል፣ መንኰራኩሩን በድንጋይ የሚደግፍም ይኖራል። ስለዚህ አንዱን መድፍ ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ይጎትቱት ነበር መባሉ ግነት አይደለም። ቁልቁለቱ ደግሞ ከአቀበቱ የከፋ ነው። ገመድ ቢበጠስ መድፉ ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለው ሰው ሁሉ ያልቃል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው አንድ ነው፤ ይኸውም መንገዱን ማስረዘም ነው። አንድ ሺህ ሜትር ለመውረድ በ20 በመቶ ቁልቁለት 5 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ሲሆን፣ በ10 በመቶ ቁልቁለት 10 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ጉልበት ለመቆጠብ የፈለገ ብዙ ድንጋይ መቁረጥ፣ ድንጋይ መቁረጥ ያልፈለገ ብዙ ጉልበት ማፍሰስ አለበት። በጅጣና በበሽሎ ገደሎች ላይ የወረደው መንገድ የዚህ ምርጫ ውጤት ነበር።

ሥራውን በጽሑፍ ያቆዩልን በአብዛኛው የንጉሡ እስረኞችና ባላንጣዎች መሆናቸው የሚያስገርም ነው። ራሳምና ዶክተር ብላንክ በመቅደላ ታስረው የንጉሡን ጉዞ በየዕለቱ በሚደርሳቸው ወሬ ይከታተሉ ነበር። ከጋፋት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ዋልድማየር ከመድፎቹ ጋር ተጉዟል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሊቅ ማርከም መንገዱን በእግሩ ሄዶበታል። ንጉሡ ልብሳቸውን ሰብስበው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡና አፈር ሲደለድሉ እንደ ነበር የምናውቀው ከእነዚህ ሰዎች መጻሕፍት ነው። ማርከም በተለይ ሥራውን ያደነቀው ሊወጋቸው ከመጣው ጦር ጋር ሆኖ ሳለ ነው።

የእኛ ደራስያንም ዐፄ ቴዎድሮስን አልዘነጓቸውም። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት «ቴዎድሮስ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔትም የንጉሡን ስም ለአዲሱ ትውልድ ሕያው አድርገውታል። በእነዚህ ሥራዎች አማካይነት በሕዝቡ ልብ የተቀረጸው ሥዕል ግን በአመዛኙ ባለ ራእዩና በመጨረሻ ራሱን የሠዋው ጀግና ነው። ገመድ የጎተተው፣ ድንጋይ የፈለጠው፣ በበሽሎ ቆላ በሙቀት የተቃጠለው ሰው ገና ደራሲውን ይጠብቃል።

ይህን ስንል ግን ሥራውን ብቻ አድንቀን ማለፍ አይገባንም። ጽናት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ሁልጊዜ ጽኑው ሰው ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ሠራዊት የሚበላውን ያገኝ የነበረው ከገበሬው ጎተራ ነው። ከኋላ በጌምድር ሸፍቷል፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በሸዋ ምኒልክ ቆመዋል። ወታደሩም ሌሊት ሌሊት እየከዳ ይቀንስ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ባዛልቱን ማሸነፍ ችለዋል፤ ያላሸነፉት የሕዝባቸውን ልብ ነው። አለት በጉልበት ይፈለጣል፣ የተከፋ ሕዝብ ግን በጉልበት አይመለስም።

የታሪኩ ምጸት ከዚህ ይጀምራል። ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ 44 የህንድ ዝሆኖችን አስከትሎ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወድላ ሲደርስ፣ የጅጣን ሸለቆ የተሻገረው ራሳቸው ንጉሡ በሠሩት መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ መድፎቹ ከፋላ ኮረብታ ላይ ቢያጓሩም ውጤቱን አልለወጡም። ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ አምባው ተያዘ። ከዚያ የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ሲሄድ፣ ሴባስቶፖል ግን እዚያው ቀረ። ዛሬም በመቅደላ ይገኛል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የሄሚንግዌይ ሽማግሌ ዓሣውን አሸንፎ ወደ ወደብ ያደረሰው ግን አጥንቱን ነው፤ ሥጋውን ሻርኮች በልተውታል። የዐፄ ቴዎድሮስም ጉዞ ከዚህ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ሽማግሌው ብቻውን ነበር፤ ንጉሡ ግን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይዘው ተጉዘዋል። ስለዚህ የመቅደላ ታሪክ ከጽናት በላይ የሆነ ጥያቄ ያነሣል። ይኸውም መንገድ ለማን ይሠራል የሚለው ነው።

ዛሬ በቻይና ርዳታ የተሠራው የወረታና የወልዲያ መንገድ በጋይንትና በወድላ በኩል ያልፋል። በበሽሎ ግራና ቀኝ፣ እስከ መካነ ሰላም ድረስ፣ ያው ገደል ያው ባዛልት አለ። ዘዴው ተለውጧል፤ በጉልበት ፈንታ ሞተር፣ በግምት ፈንታ ቅየሳ መጥቷል። የቁልቁለቱ ስሌት ግን አልተለወጠም። ያልተለወጠ ሌላም ነገር አለ፤ ሕዝቡ የኔ ነው ብሎ የተቀበለው መንገድ በክረምት ቢናድ የሚጠግነው ባለቤት አያጣም። መድፍ ለማሳለፍ ብቻ የተቈረጠ መንገድ ግን መድፉ ካለፈ በኋላ ባለቤት የለውም። በሙያው የተሰማራን ሁሉ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጽናታቸውን ብንወርስ፣ ከመንገዳቸው ዕጣ ደግሞ ይህን ትምህርት ብንቀስም፣ በጅጣና በበሽሎ ገደል የፈሰሰው ላብ ከንቱ አይሆንም።