ብጉር፦ ከጎረምሳ ፊት እስከ ውሻ አገጭ

«ብጉር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የጎረምሳ ፊት ነው። የእንስሳት ሕክምና ግን በውሻ አገጭና ከንፈር ዙሪያ ለሚወጣ ቀይ፣ አንዳንዴም መግል ለሚቋጥር እብጠት ይህንኑ ስም ይሰጣል።

ዕድሜው ይመሳሰላል፤ የውሻውም ብጉር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ዓመት ሳይሞላው ነው። መንሥኤው ግን ይለያል። እንደ ቦክሰር፣ ቡልዶግና ዶበርማን ያሉ ፀጉረ አጭር ዝርያዎች አገጫቸውን ከወለል ወይም ከሚያኝኩት ነገር ጋር ሲያሻሹ፣ ጠንካራው ፀጉር ተሰብሮ ቆዳ ውስጥ ይቀራል። ቆዳው እንደተሰካ እሾህ ይቆጥረውና ያብጣል፤ ባክቴሪያም ይከተላል።

«እከክ» ግን ከብጉር የተለየ የቆዳ ሕመም ነው። ስሙ ከማከክ የመጣ ሲሆን አምጪዎቹ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። ሳርኮፕቲክ የተባለው ዓይነት ወደ ሰውም ይተላለፋል። ዲሞዴክስ በተባለው ተባይ የሚመጣው ደግሞ ብጉር ሊመስል ስለሚችል ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል።

ብጉሩን ማፍረጥ አይገባም፤ ሲጨመቅ ፀጉሩ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ቀላሉ ክሎርሄክሲዲን በተባለ ፀረ ጀርም ይታጠባል፤ ወይም ሐኪም ያዘዘው 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ይቀባል። ይህ መድኃኒት ምንጣፍና ልብስ ስለሚያነጣ ጥንቃቄ ይሻል። ጠልቆ ላመረቀዘው ግን የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ይታዘዛል።