ዳኛው የሚመርጠው ከድንኳኑ ከደረሰው ነው

የጉኑኖ ገበያ በቆመበት ቀን፣ በእህል ሻጩና በከብት ነጋዴው መሐል አንድ ሽማግሌ የቀይ ቆዳ ድንኳን ተክሎ ሲቀመጥ አስቡ። ገጣሚዎች ተራ ይዘው ግጥማቸውን ያሰሙታል፤ እርሱም ማን እንደበለጠ ይፈርዳል። ከእስልምና በፊት ዐረቦች ዘንድ ይህ ይደረግ ነበር።

ቦታው ጣኢፍ አጠገብ የነበረው የዑካዝ ገበያ ነው። በዙልቀዕዳ ወር፣ ከሐጅ ቀደም ብሎ ይቆማል። ዳኛው ናቢጋ አዝ-ዙብያኒ ነበር። እንደሚተረከው አዕሻ፣ ሐሳን ኢብኑ ሣቢትና ኸንሳእ ፊቱ ቀረቡ። ናቢጋ አዕሻን አስቀደመ፤ ኸንሳእንም አደነቀ። ሐሳን ግን "እኔ እበልጣለሁ" ብሎ ተቆጣ። ያን ጊዜ ምክንያቱ ተነገረው። የወገኖቹን የእንግዳ ገበቴና ሰይፍ ሲያወድስ ጥቂትነትን የሚያመለክት የብዙ ቁጥር ተጠቅሟል። ገበቴው በረፋድ ያበራል ከሚል ይልቅም በጨለማ ያበራል ቢል ይበረታ ነበር፤ እንግዳ የሚበዛው በሌሊት ነውና።

ዳኛው ፈርዶ ዝም አላለም፤ ቃሉን ነቅሶ አሳየ። ያን ቀን ያልተመረጠው ሐሳን (ረ.ዐ) ደግሞ ኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገጣሚ ሆነ።

የዛሬው ድንኳን ምን ይመስላል? በእንግሊዝ አገር የሚሰጠውን የቡከር ሽልማት እንይ። በየዓመቱ አምስት አዳዲስ ዳኞች ይሰየማሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሰብሳቢዋ ማርጋሬት ቡዝቢ ነበረች። ሐያሲው ሰሚር ረሂምና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ገጣሚ ለምን ሲሳይም ከዳኞቹ መካከል ነበሩ። 162 ልብ ወለዶች ቀረቡላቸው። በሐምሌ 13ቱን ለዩ። እነዚያን እንደገና አንብበው፣ ተከራክረው በመስከረም 6 አስቀሩ። በኅዳር አሸናፊው ታወቀ። ከ6ቱ አንዱ አዲስ አበባ የተወለደችው መዓዛ መንግስቴ የጻፈችው "ዘ ሻዶው ኪንግ" ነበር፤ ጣሊያን በወረረን ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች የሚናገር ልብ ወለድ።

ነገር ግን ምርጫው ዳኞቹ ከመቀመጣቸው በፊት ይጀምራል። መጽሐፉን የሚያቀርበው አሳታሚው ነው፤ የሚያቀርበውም በቁጥር የተገደበ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆን አለበት፤ እንግሊዝ ወይም አየርላንድ ውስጥ መታተምም አለበት። እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ ከኮመንዌልዝ አገሮች፣ ከአየርላንድና ከዚምባብዌ ዜጎች በቀር ማንም አይወዳደርም ነበር። የኢትዮጵያ ዜጋ ምንም ቢጽፍ ከድንኳኑ አይደርስም ማለት ነው። በሩ የተከፈተው በ2014 ነው።

ከድንኳኑ ደርሰው ያልተመረጡም አሉ። ዛንዚባር የተወለደውና በስደት እንግሊዝ የገባው አብዱረዛቅ ጉርናህ "ፓራዳይዝ" የተሰኘ ልብ ወለዱ በ1994 ከቡከር የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ነበር። የባለታሪኩ ስም ዩሱፍ ነው፤ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የቁርኣኑን የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ያስታውሳል። ሽልማቱ ለሌላ ተሰጠ። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ጉርናህ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ። አለመመረጥ ሐሳንንም ጉርናህንም አላስቀራቸውም። ሁለቱም ግን ሥራቸውን ይዘው ቀርበው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ወላይታ እንመለስ። በ1894 እ.ኤ.አ. የምኒልክ ጦር ወላይታን ሲወጋ ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ አብሮ ተጉዞ ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ። እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች እርሱን ይጠቅሳሉ። ከካዎ ጦና ወገን ቆመው ያን ቀን ያዩት አባቶች ግን ያዩትን ለልጆቻቸው በአፍ ነገሩ እንጂ መጽሐፍ አልተዉልንም። ስለዚህ በዚያ ጦርነት ላይ የሚፈርድ ሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው የእንግዳውን ቃል ነው።

መዓዛ ቅድመ አያቷ ለዘመቻ እንደወጡ የሰማችው በመጽሐፏ ላይ ስትሠራ፣ ከገዛ እናቷ ነው። የጉኑኖና የሶዶ ወጣቶች፣ የእናንተም አያቶች የሚያውቁት አለ። ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁን በወላይትኛም በአማርኛም ጻፉት። ዳኛው ይመርጠው ይሆናል፣ ይተወው ይሆናል። ያልተጻፈውን ግን አንብቦ የሚጥለው እንኳ የለም።