የኤችአይቪ የዘረመል ለውጥና መዳቀል በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሚሰራጨው ኤችአይቪ በአብዛኛው የኤችአይቪ-1 ንዑስ ዝርያ ሲ ነው። ይኸው ንዑስ ዝርያ በደቡባዊ አፍሪካና በሕንድም የሚያመዝን ሲሆን፣ በዓለም ላይ ቫይረሱ በደማቸው ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የያዛቸው እርሱ ነው።

የቫይረሱ የዘር መልእክት 9,700 ያህል ፊደላት ያሉት አር ኤን ኤ ነው። ይህን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም ስህተቱን መልሶ አያርምም፤ ስለዚህ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ እንኳ በጥቂቱ የሚለያዩ ብዙ ቫይረሶች ይገኛሉ።

መዳቀል ከዚህ ይለያል። እያንዳንዱ ቫይረስ ሁለት የአር ኤን ኤ ቅጂዎች ይይዛል። አንድ ሕዋስ በሁለት ዓይነት ቫይረስ ከተያዘ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ቅጂ የወሰደ ቫይረስ ሊወጣ ይችላል። ይህ ቫይረስ ሌላ ሕዋስ ሲገባ ኢንዛይሙ በመገልበጥ ላይ ሳለ ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ውጤቱ ቅይጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ተመራማሪዎቹ በኢትዮጵያ ሲ′ እና ሲ″ የተባሉ ሁለት ቅርንጫፎችን ለይተዋል፤ የሁለቱን ቅይጦችም አግኝተዋል። ቅይጥ ያለ ጥምር መያዝ አይፈጠርም። «አንዴ የተያዘ ዳግም አይያዝም» የሚለው አባባል ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ጉዳዩ ሕክምናንም ይነካል። ቫይረሱ በአንዲት ፊደል ለውጥ ብቻ ላሚቩዲንን መቋቋም ይችላል፤ መድኃኒቶች በጥምረት የሚሰጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተለያዩ መድኃኒቶችን የተላመዱ ሁለት ቫይረሶች ከተዳቀሉ ግን ሁለቱንም የሚቋቋም አንድ ቫይረስ ሊፈጠር ይችላል።