ያልተጠበቁ ቀለሞች፦ ከሌዘር ዳዮድ ታሪክ አንድ ምዕራፍ

ሌዘር ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚሣለው አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድና ከሌላ ብርሃን ጋር ያልተደባለቀ ጨረር ነው። የመማሪያ መጻሕፍትም ይህንኑ ያስተምራሉ። ሴሚኮንዳክተር ከሚባሉት ከፊል አስተላላፊ ቁሶች የሚሠራው ሌዘር ዳዮድ ግን ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ ይህን ትምህርት ሙሉ በሙሉ አክብሮ አያውቅም። ከታሰበው ቀለም ጎን ሌላ ቀለም፣ ከሚታየው ብርሃን ጋርም የማይታይ ብርሃን ሲያወጣ ኖሯል። ይህ ያልተጠበቀ ብርሃን አንዳንድ ጊዜ አዲስ ዕውቀት አስገኝቷል፤ አንዳንድ ጊዜ የመገናኛ መሥመሮችን ሥራ አውኳል፤ አንዳንድ ጊዜም የሰውን ዓይን ለአደጋ አጋልጧል። በሦስቱም ረገድ ውጤቱን የወሰነው ሰዎች ብርሃኑን ለክተው ምንጩን መመርመራቸው ወይም ቸል ብለው ማለፋቸው ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከካርቦረንደም የወጣ ብርሃን

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የነገሩን መነሻ ለማየት ወደ 1907 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ሄንሪ ጆሴፍ ራውንድ የተባሉ የማርኮኒ ኩባንያ መሐንዲስ ለራዲዮ መቀበያ የሚስማሙ ክሪስታሎችን ይመረምሩ ነበር። ብረት ለመሞረድና ለመሳል በሚያገለግለው በካርቦረንደም ላይ 10 ቮልት ኤሌክትሪክ ቢያሳልፉ አንዱ ክሪስታል ቢጫ መሳይ ብርሃን ሰጠ። ኀይሉን ወደ 110 ቮልት ከፍ ሲያደርጉት ብዙዎቹ አበሩ፤ አንዳንዶቹም በቢጫው ፈንታ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ ብርሃን አወጡ። ራውንድ ይፈልጉ የነበረው የራዲዮ ምልክት እንጂ ብርሃን አልነበረም። ሆኖም ያዩትን ነገር ከሥራቸው ውጪ ነው ብለው አልተዉትም፤ በአጭር ማስታወሻ ጽፈው «ኤሌክትሪካል ወርልድ» በተባለው መጽሔት አሳተሙት።

ማስታወሻው ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። በ1920ዎቹ ኦሌግ ሎሴቭ የተባሉ ሩሲያዊ ተመራማሪ ይህንኑ ብርሃን በራሳቸው መንገድ እንደገና አገኙት። ብርሃኑ ከሙቀት የመነጨ አለመሆኑን ተገንዝበው በተከታታይ ጽሑፎች አብራሩ። የጠጣር ቁሶች ፊዚክስ ግን ገና አልዳበረም ነበርና የምርምራቸው ትርጉም በዘመናቸው በሚገባ አልተረዳም። ሎሴቭም በ1942 ሌኒንግራድ በጠላት ተከባ በነበረችበት ወቅት በረኃብ ሞቱ።

የ1962 እሽቅድምድም

በ1960 ቴዎዶር ሜይማን በካሊፎርኒያ ከሩቢ ክሪስታል የመጀመሪያውን ሌዘር አበሩ። ከዚህ በኋላ የብዙ ተመራማሪዎች ጥያቄ፣ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ሌዘር ጨረር ሊለወጥ ይችላል ወይ የሚለው ሆነ። መልሱ በ1962 መገባደጃ ላይ ከአራት የአሜሪካ ቡድኖች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት መጣ። ሮበርት ሆል በስከነክተዲ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ፣ ማርሻል ናታን በአይ.ቢ.ኤም.፣ እንዲሁም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አካል የሆነው ሊንከን ላቦራቶሪ ጋሊየም አርሰናይድ ከሚባለው ቁስ ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር አስገኙ። ኒክ ሆሎንያክ ደግሞ በሲራኪዩዝ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቅርንጫፍ ፎስፎረስ ጨምረውበት በዓይን የሚታይ ቀይ ጨረር አወጡ። በጋሊየም አርሰናይድ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዳዮዶች በፈሳሽ ናይትሮጅን እስከ 77 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቅዘው በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ብቻ የሚሠሩ ነበሩ።

አሠራራቸው በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ልዩ ልዩ ባሕርይ ያላቸው ሁለት ንብርብሮች በሚገናኙበት ድንበር ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ከከፍተኛ የኀይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ፤ የሚያጡትንም ኀይል በብርሃን መልክ ይሰጣሉ። የሚወርዱበት ከፍታ በቁሱ ዓይነት የተወሰነ ስለሆነ የብርሃኑም ቀለም በቁሱ ይወሰናል። የክሪስታሉ ሁለት ጫፎች እንደ መስተዋት ሆነው ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱት እየበረታ ሄዶ ጨረር ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ገለጻ የሚጠበቀው አንድ ቁስ አንድ ቀለም እንዲሰጥ ነበር። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም።

ከኅትመት ላይ የጠፋችው ነጥብ

ዳዮዱ ከመወለዱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1961፣ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ፒተር ፍራንክንና ሦስት ባልደረቦቻቸው የሩቢ ሌዘር ጨረርን በኳርትዝ ክሪስታል ውስጥ አሳለፉ። የገባው ብርሃን የሞገድ ርዝመት 694.3 ናኖሜትር፣ ማለትም ጥልቅ ቀይ ነበር። ከወጣው ብርሃን መካከል ግን የሞገድ ርዝመቱ ልክ ግማሽ፣ 347.2 ናኖሜትር የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ልዕለ ሐምራዊ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን በጥቂቱ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ማስረጃውን በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ ቀርጸው ለ«ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» ላኩ። በሥዕሉ ላይ የቀዩ ብርሃን ሰፊ ምልክት፣ ከእርሱም ራቅ ብላ የአዲሱ ብርሃን ደቃቅ ነጥብ ነበረች። ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ግን ነጥቧ የለችም፤ ወደ እርሷ የሚያመለክተው ቀስት ባዶ ቦታ ያሳያል። እንደሚነገረው፣ ሥዕሉን ለኅትመት ያዘጋጀው ክፍል ነጥቧን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ አጥፍቷት ነበር። የጽሑፉ ዋና ግኝት በዚህ ሁኔታ ከገጹ ላይ ተጠረገ።

የነገሩ ምክንያት የሚከተለው ነው። ደካማ ብርሃን በቁስ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችን በራሱ መጠን ብቻ ያወዛውዛል። እጅግ ብርቱ ሲሆን ግን ውዝዋዜው ከልኩ ያልፋል። የክራር ጅማት ሲመታ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች እንደሚሰሙ ሁሉ፣ ኤሌክትሮኖቹም ከዋናው ሞገድ ጋር ድግግሞሹ እጥፍ የሆነ ሌላ ሞገድ ይሰጣሉ። በሌላ አነጋገር ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ተዋሕደው እጥፍ ኀይል ያለው አንድ ቅንጣት ይሆናሉ። በ1962 ጆን አርምስትሮንግ፣ ኒኮላስ ብሉምበርገን፣ ዣክ ዱኩዊንና ፒተር ፐርሻን የዚህን ክሥተት ሰፊ ቲዎሪ አሳተሙ። ብሉምበርገን በ1981 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

አርምስትሮንግ ከዚህ በኋላ ወደ አይ.ቢ.ኤም. ተሻገሩ። በ1963 ከናታንና ከስሚዝ ጋር ሆነው ይኸው እጥፋት ምንም ተጨማሪ ክሪስታል ሳይኖር በራሱ በጋሊየም አርሰናይድ ዳዮድ ውስጥ እንደሚፈጸም አሳዩ። ወደ 840 ናኖሜትር የሚጠጋ የማይታይ ጨረር እንዲሰጥ የተሠራው ዳዮድ፣ በስውር 420 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሐምራዊ ብርሃንም ይሰጥ ነበር። ይህ ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች የተገናኙበት ውጤት ነው። በአንድ በኩል የጋሊየም አርሰናይድ የአቶሞች አደራደር ለእጥፋት እጅግ የሚመች ነው፤ ብርሃኑም በቀጭን ንብርብር ውስጥ ስለሚታመቅ ይበረታል። በሌላ በኩል ቁሱ ሐምራዊውን ብርሃን ወዲያው ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሊያመልጥ የሚችለው ከመውጫው ገጽ አጠገብ የተወለደው ብቻ ነው። የሚወጣው መጠን ከምንም የማይቆጠር ቢሆንም ትርጉሙ ትልቅ ነበር። አንድ ዳዮድ የሚሰጠው ቀለም በቁሱ ብቻ ሳይሆን በራሱ በብርሃኑ ብርታትም እንደሚወሰን አስተማረ።

ጎረቤት ቀለሞች

በ1970 የዞሬስ አልፌሮቭ ቡድን በሌኒንግራድ፣ ኢዙኦ ሃያሺና ሞርተን ፓኒሽ ደግሞ በቤል ላቦራቶሪ፣ በተራ የክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ የሚሠራ ዳዮድ አስገኙ። ከዚያም ዳዮዱ የቃጫ መስተዋት (ኦፕቲካል ፋይበር) የመገናኛ መሥመሮች ምንጭ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሌላ ዓይነት ትርፍ ቀለም ችግር ፈጠረ። የዳዮዱ ሁለት ጫፎች መስተዋት ስለሆኑ በመካከላቸው ሊመላለስ የሚችለው የሞገድ ርዝመት አንድ ብቻ አይደለም። 0.3 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ባለው ክሪስታል ውስጥ ብዙ ሞገዶች ጎን ለጎን ይስማማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም አንድ ናኖሜትር አይሞላም። በዓይን ለሚታይ ብርሃን እንኳ ቢሆን እንዲህ ያለውን ልዩነት ዓይን አይለየውም።

የቃጫው መስተዋት ግን ይለየዋል። በመስተዋት ውስጥ እያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ፍጥነት አለው። በተለመደው ቃጫ፣ 1550 ናኖሜትር አካባቢ፣ በአንድ ናኖሜትር የሚለያዩ ሁለት ቀለሞች በእያንዳንዱ ኪሎሜትር ወደ 17 ፒኮሰከንድ ይቀዳደማሉ። በ100 ኪሎሜትር ይህ 1.7 ናኖሰከንድ ይሆናል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምልክት በሚተላለፍበት መሥመር ለአንድ ምልክት የተመደበው ጊዜ አንድ ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የኋለኛው ምልክት የፊተኛውን ይደርስበታል፤ መልእክቱም ይደባለቃል። ከዚህም በላይ የዳዮዱ ጠቅላላ ኀይል ሳይለወጥ ብርሃኑ ከአንዱ ጎረቤት ቀለም ወደ ሌላው እየዘለለ ሁከት ያመጣል። ጠቅላላ ኀይሉን ብቻ የሚለካ ባለሙያ ዳዮዱ ጤነኛ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ መሥመሩ ግን ይሳሳታል።

መፍትሔው የተገኘው ሄርዊግ ኮገልኒክና ቻርልስ ሻንክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ካቀረቡት ሐሳብ ነው። በጫፎቹ መስተዋትነት ፈንታ በክሪስታሉ ርዝመት ላይ የተቀረጹ ረቂቅ ወጣ ገባ መሥመሮች አንዱን ቀለም ብቻ መርጠው እንዲመልሱ ተደረገ። በዚህ ዘዴ የተሠሩት ዳዮዶች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ርቀት መገናኛ ተፈላጊ ሆኑ።

አረንጓዴው መጠቆሚያ

ሦስተኛው ታሪክ ከላቦራቶሪ ውጪ፣ በመማሪያ ክፍልና በስብሰባ አዳራሽ የሚፈጸም ነው። ብዙዎቹ አረንጓዴ የሌዘር መጠቆሚያዎች አረንጓዴውን ብርሃን በቀጥታ አያመነጩም። በውስጣቸው ያለው ዳዮድ 808 ናኖሜትር የሆነ የማይታይ ብርሃን ይሰጣል፤ ይህ ብርሃን ኒዮዲሚየም ያለበትን ክሪስታል አነቃቅቶ 1064 ናኖሜትር ያስገኛል፤ ሁለተኛ ክሪስታል ደግሞ ይህን አጥፎ ወደ 532 ናኖሜትር፣ ወደ አረንጓዴ፣ ይለውጠዋል። ፍራንክን በ1961 ያገኟት ደቃቅ ነጥብ በዚህ ሁኔታ በኪስ የሚያዝ ዕቃ ሆናለች። ነገር ግን ሁለቱ የማይታዩ ብርሃኖች ሙሉ በሙሉ አይለወጡም። የቀረውን የሚያስቀረው ከመውጫው ላይ የሚደረግ ማጣሪያ ነው።

በ2009 መጨረሻ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች 10 ሚሊዋት ይሰጣሉ ተብለው የተሸጡ ሦስት ርካሽ አረንጓዴ መጠቆሚያዎች ገዙ። ከመካከላቸው የአንዱ አረንጓዴ ብርሃን ደብዛዛ ነበር። ሲለካ ግን ወደ 20 ሚሊዋት የሚጠጋ ታሕተ ቀይ ብርሃን ያወጣ ነበር። ማጣሪያ አልነበረውም። በ2010 ባወጡት ጽሑፍ አደጋው ከመጠቆሚያው አሠራር የመጣ መሆኑን ገለጹ። ይኸው ተቋም በ2013 እንዳስታወቀው፣ ከተመረመሩት 122 መጠቆሚያዎች መካከል ከአረንጓዴዎቹ 90 ከመቶ የሚጠጉት፣ ከቀዮቹም 44 ከመቶ ያህሉ የአገሪቱን የደኅንነት ደንብ ያሟሉ አልነበሩም።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ዓይን ስለማያይ ልብ የሚፈርድበት ነገር የለውም። ብርቱ የሚታይ ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ ሰው በሩብ ሰከንድ ያህል ጊዜ ይጨፍናል፤ ፊቱንም ያዞራል። ታሕተ ቀይ ብርሃን ይህን አያስደርግም። 808ም ሆነ 1064 ናኖሜትር የዓይንን ብሌን አልፎ በስተጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ በሬቲና ላይ ያርፋል፤ ጉዳቱ የሚታወቀውም ከደረሰ በኋላ ነው። አረንጓዴው ሲደክም መጠቆሚያው የተዳከመ መስሎት ቀርቦ የሚመለከት ሰው በተለይ ይጋለጣል። 808 ናኖሜትር የሆነ ዳዮድ ሲበራ የምትታየው ፈዛዛ ቀይ ብርሃንም እንዲሁ ታሳስታለች። ይህቺ ብርሃን ሌላ ቀለም አይደለችም፤ ከብርቱው ጨረር ዓይን ሊያይ የቻለው እጅግ ጥቂቱ ክፍል ናት።

ከዚህ ታሪክ ለባለሙያው የሚቀሩ ግዴታዎች ግልጽ ናቸው። የመከላከያ መነጽር ሲመረጥ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቀለም ብቻ በቂ አይደለም፤ 532 ናኖሜትርን የሚከለክል መነጽር 808ንና 1064ን ሊያሳልፍ ይችላል። የኀይል መለኪያ መጠንን እንጂ ቀለምን አይናገርም፤ ስለዚህ ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋል። ውድ መሣሪያ በሌለበት የተቋሙ ተመራማሪዎች ያመለከቱት ቀላል ዘዴ አለ። ይኸውም የጨረሩን ቀለማት በሙዚቃ ሲዲ ገጽ በትኖ፣ በቀጥታ ሳይመለከቱ፣ ታሕተ ቀይ ብርሃን በሚያይ ካሜራ ማንሣት ነው። ካሜራው የቴሌቪዥን መቈጣጠሪያ ሲጫኑት የሚወጣውን ብርሃን የሚያሳይ መሆኑ አስቀድሞ ይፈተናል፤ ይህን የማያሳይ ካሜራ መጠቆሚያው ንጹሕ ነው ብሎ ሊመሰክር አይችልም።

ራውንድ የማይፈልጉትን ብርሃን ስለመዘገቡ አንድ የምርምር ዘርፍ መነሻ አገኘ። የማተሚያ ክፍሉ ደቃቋን ነጥብ እንደ ጉድፍ ስለቆጠራት ታላቅ ግኝት ያለ ማስረጃ ታተመ። መጠቆሚያውን የሠሩት ሰዎች ማጣሪያውን ስለተዉ፣ ገዥው የማያየውን አደጋ በኪሱ ይዞ ዞረ። በመለኪያው ወረቀት ላይ ከዋናው ምልክት ጎን ትንሽ ምልክት ብቅ ስትል፣ ጉድፍ ናት ከመባሏ በፊት የሞገድ ርዝመቷና ኀይሏ ሊጻፍ ይገባል።